የ2010 ዓ.ም. የጎረቤት አገሮች ጉብኝቶች፦ ስምምነቶቹና አፈጻጸማቸው

ጠቅላይ ሚኒስትር ዶክተር ዐቢይ አሕመድ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ቃለ መሐላ ፈጽመው ሥራቸውን ከጀመሩ በኋላ መቶ ቀን ሳይሞላ ጅቡቲን፣ ሱዳንን፣ ኬንያን፣ ሶማሊያንና ኤርትራን ጎብኝተዋል። ኢትዮጵያን ከሚያዋስኑት ስድስት አገሮች መካከል በዚያን ጊዜ ሳትጎበኝ የቀረችው ደቡብ ሱዳን ብቻ ስትሆን፣ ወደ ጁባም የካቲት 25 ቀን 2011 ዓ.ም. ከኤርትራው ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ ጋር በመሆን ተጉዘዋል። በእነዚሁ ወራት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች፣ ወደ ኡጋንዳና ወደ ግብፅ የተደረጉ ጉዞዎችም የነበሩ ሲሆን፣ የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን ድንበርተኞቹ አገሮች ናቸው።

ከጉብኝቶቹ በኋላ የወጡት የጋራ መግለጫዎች በይዘታቸው ተቀራራቢ ነበሩ። ወደቦችን በጋራ ማልማት፣ መንገድና ባቡር ማገናኘት፣ የንግድ እንቅፋቶችን ማስወገድ፣ የድንበር አካባቢን ጸጥታ በጋራ ማስከበር በአብዛኞቹ ዘንድ በልዩ ልዩ አገላለጽ ሰፍረዋል። ከዓመታት በኋላ ሲታዩ ግን ውጤታቸው እጅግ ተለያይቷል። ከጉብኝቱ በፊት የተጀመረ መሠረተ ልማትን፣ የታወቀ ባለቤት ያለውን መሥሪያ ቤትና ዝርዝር ውልን መሠረት ያደረጉት ሥራዎች የፖለቲካው አየር ሲለዋወጥም ቀጥለዋል። በመሪዎች መልካም ፈቃድ ላይ ብቻ የቆሙት ፈቃዱ ሲቀዘቅዝ አብረው ቀዝቅዘዋል። ይህ ልዩነት የመሪዎችን ስምምነት ተቀብለው ወደ መመሪያ፣ ወደ በጀትና ወደ ዕለታዊ ሥራ ለሚለውጡት መሥሪያ ቤቶች በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው።

የወደብ ጉዳይ

የጉዞዎቹ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚያዝያ 20 ቀን ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 24 ቀን ካርቱም፣ ሚያዝያ 28 ቀን ደግሞ ናይሮቢ የገቡ ሲሆን፣ ሦስቱም አገሮች ለኢትዮጵያ የባሕር በር መሆን የሚችሉ ናቸው። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው በአሰብ በኩል ይተላለፍ እንደነበር ይታወሳል። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ይህን መስመር ከዘጋው ወዲህ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞሮ፣ በ2010 ዓ.ም. ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገሪቱ የውጭ ንግድ በዚህች አንዲት ወደብ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ከጉብኝቶቹ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የወደቦቹ ሁኔታ ተለዋውጦ ነበር። በየካቲት 2010 ዓ.ም. የጅቡቲ መንግሥት የዶራሌ የኮንቴይነር ማስተናገጃን ሲያስተዳድር የቆየውን የዱባዩን ዲፒ ወርልድ ኩባንያ ውል አቋረጠ። በዚያው ወር ኢትዮጵያ በሶማሌላንድ በርበራ ወደብ የ19 በመቶ ድርሻ እንድትይዝ የሚያስችል ስምምነት መደረጉ ተገለጸ፤ የሶማሊያ ፓርላማም ብዙም ሳይቆይ ስምምነቱን ውድቅ አደረገ። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጉዞ የጀመሩት እንዲህ ባለው ወቅት ነው።

በጅቡቲ ጉብኝት ከፕሬዚዳንት ኢስማኤል ኦማር ጊሌ ጋር ውይይት የተደረገ ሲሆን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለአገሪቱ ፓርላማም ንግግር አሰምተዋል። ከስምምነቶቹ ሁሉ ጎልቶ የወጣው ኢትዮጵያ በጅቡቲ ወደብ የባለቤትነት ድርሻ እንድትይዝ፣ ጅቡቲም በአጸፋው በኢትዮጵያ የመንግሥት ድርጅቶች ድርሻ የመግዛት ዕድል እንዲኖራት የተደረሰው የመርህ ስምምነት ነበር። በካርቱምም ከፕሬዚዳንት ዑመር ሐሰን አል-በሺር ጋር በፖርት ሱዳን ድርሻ ስለመያዝ ተመሳሳይ መግባባት ላይ ተደርሷል። በናይሮቢ ከፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ጋር የወጣው መግለጫ በላሙ ወደብ ለኢትዮጵያ የተሰጠው መሬት በሕጋዊ መንገድ እንዲያዝ የሚል ሐሳብ ይዟል። በሞቃዲሾ ደግሞ፣ በሰኔ ወር፣ በአራት ወደቦች ላይ በጋራ መዋዕለ ንዋይ ለማፍሰስ ተስማምተዋል።

እነዚህን አራት የወደብ ስምምነቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። በጅቡቲና በፖርት ሱዳን የድርሻው መጠን፣ ዋጋውና የሚጠናቀቅበት ጊዜ በመግለጫዎቹ አልተጠቀሱም፤ በሶማሊያው መግለጫ የአራቱ ወደቦች ስም እንኳ አልሰፈረም። የድርሻ ልውውጡም በተግባር ሳይታይ ቀርቷል። ጅቡቲ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የታጁራን ወደብ አስተዳደር ለኢትዮጵያ ለመስጠት አዲስ ሐሳብ ማቅረቧ ጉዳዩ ከስድስት ዓመት በኋላም በድርድር ደረጃ ላይ እንደነበረ ያመለክታል። የበርበራው 19 በመቶ እንኳ፣ በቁጥር የተወሰነ ሆኖ ሳለ፣ ኢትዮጵያ የተቀመጡትን ግዴታዎች በወቅቱ ባለማሟላቷ ድርሻዋን እንዳጣች የሶማሌላንድ ባለሥልጣናት በሰኔ 2014 ዓ.ም. አስታውቀዋል።

መግለጫና ስምምነት

እዚህ ላይ የሰነዶቹን ዓይነት መለየት ጠቃሚ ነው። በጉብኝት ማብቂያ ላይ የሚወጣው የጋራ መግለጫ የፖለቲካ ፈቃድ መገለጫ ሲሆን፣ በራሱ የገንዘብ ወይም የሕግ ግዴታ እምብዛም አያስከትልም። የመግባቢያ ሰነድ የሥራውን አቅጣጫና ተጠሪዎቹን ያመላክታል። ዓለም አቀፍ ስምምነት ግን በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 መሠረት የሕግ አስፈጻሚው አካል ከተዋዋለው በኋላ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጽደቅ የሚኖርበት ሲሆን፣ ሲጸድቅም በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል። ሦስቱም በቴሌቪዥን ሲታዩ አንድ ዓይነት ፊርማና አንድ ዓይነት መጨባበጥ ናቸው። በመዝገብ ቤት ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጅቡቲና ኬንያ፦ ሥራው የቀደመበት ጉብኝት

ከጅቡቲ ጋር ያለው ግንኙነት ጥንካሬ የሚታየው ካልተፈጸመው የድርሻ ልውውጥ ይልቅ አስቀድሞ በተዘረጋው መሠረተ ልማት ነው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በኢትዮጵያ በኩል በመስከረም፣ በጅቡቲ በኩል በጥር 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ከጉብኝቱ አራት ወር ያህል ቀደም ብሎ የንግድ አገልግሎት መስጠት ጀምሮ ነበር። የሚያስተዳድረው የጋራ አክሲዮን ማኅበር 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ ነው። የሁለቱን አገሮች የኃይል መረብ የሚያገናኘው መስመር በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ከሶማሌ ክልል የተቆፈረ የከርሰ ምድር ውኃም ከ2009 ዓ.ም. አንስቶ በቧንቧ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ጅቡቲ ወደብ ስትሰጥ ኢትዮጵያ ብርሃንና ውኃ ትሰጣለች፤ አንዱ ወገን ቢያኮርፍ ሁለቱም ይጎዳሉ። በወደብ ኪራይና በአገልግሎት ዋጋ ላይ ክርክር ሳይጠፋ መስመሩ ለአንድ ቀንም ቢሆን በፖለቲካ ምክንያት ይዘጋል ተብሎ ያልተሰጋው ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

የኬንያ ጉዳይ ከሁሉም የተሻለ ምሳሌ ነው። ሁለቱ አገሮች በ1956 ዓ.ም. የጋራ መከላከያ ስምምነት የተፈራረሙ ሲሆን፣ በ1962 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱና በፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ዘመን በተደረገው የወሰን ውል ድንበራቸውን አጽንተዋል። በአፍሪካ ቀንድ ካሉት ድንበሮች መካከል በመንግሥታት ደረጃ ክርክር ከማይነሣባቸው አንዱ ይህ ድንበር መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በወሰኑ ግራና ቀኝ የሚኖሩት ቦረናዎችና ሌሎች አርብቶ አደሮች በግጦሽና በውኃ ሲጋጩ ጉዳዩን የሚመለከቱት የአካባቢ አስተዳዳሪዎች በየጊዜው የሚያደርጉት የጋራ ስብሰባም ከማናቸውም የመሪዎች ጉብኝት የቆየ ነው።

በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በናይሮቢ ከተነሡት ጉዳዮች መካከል የሞያሌ ከተማ ይገኝበታል። በድንበር ለሁለት የተከፈለችውን ይህችን ከተማ የጋራ የኢኮኖሚ ቀጣና ለማድረግ መሪዎቹ ተስማሙ። ሰፊው ዕቅድ እንደታሰበው ባይራመድም፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ ከሚደግፈው የሞምባሳ–ናይሮቢ–አዲስ አበባ መንገድ ጋር ተያይዞ ሲገነባ የቆየው የአንድ ማዕከል የድንበር ኬላ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትሩና በፕሬዚዳንት ኡሁሩ ተመርቋል። የአሠራሩ ሐሳብ ቀላል ነው። መንገደኛም ሆነ ጭነት በሁለት ኬላዎች ሁለት ጊዜ ከመፈተሽ ይልቅ፣ በሚገባበት አገር ኬላ የሁለቱም አገሮች የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ጊዜ ያስተናግዱታል። ይህን ለማድረግ ግን የአንድ አገር ሠራተኛ በሌላ አገር መሬት ላይ ሕግ የማስፈጸም ሥልጣን ሊኖረው ይገባል፤ የሥራ ሰዓት፣ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የተያዘ ዕቃና የተያዘ ሰው ለማን እንደሚተላለፍ ሁሉ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ሕንፃው የሚታየው ክፍል ሲሆን፣ ጊዜ የሚፈጀው ይኸኛው ነው።

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው የኃይል ማስተላለፊያ መስመር ደግሞ ከጉብኝቱ ብዙ ዓመታት ቀድሞ የተጀመረ ነው። ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ የ500 ኪሎ ቮልት መስመር እስከ 2 ሺህ ሜጋ ዋት የማስተላለፍ አቅም ያለው ሲሆን፣ የተገነባው በዓለም ባንክና በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር ጭምር ነው። የሁለቱ አገሮች የኃይል ተቋማት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የ25 ዓመት የሽያጭ ውል ተፈራርመው፣ በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ኃይል መተላለፍ ጀመረ። ውሉ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋ ዋት የሚል ሲሆን፣ የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ 6 ነጥብ 5 የአሜሪካ ሳንቲም ሆኖ ተወስኗል። በመካከሉ በናይሮቢ የመንግሥት ለውጥ ተደርጎ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ሥልጣን ይዘዋል። በአንድ መንግሥት ዘመን የተፈረመው ውል በሌላው ዘመን ሥራ ላይ ውሏል።

ሱዳን

ከሱዳን ጋር የነበረው መቀራረብ በፕሬዚዳንት አል-በሺር ዘመን የመሪዎች መቀራረብ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና የመን የጀመሩት የሰንዓ ፎረምም በዚሁ መንፈስ የተመሠረተ እንደነበር ይታወሳል። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ጉብኝት ወቅት በሱዳን ወኅኒ ቤቶች የነበሩ ኢትዮጵያውያን እንዲፈቱ የተደረገው ስምምነት ለብዙ ቤተሰቦች ደስታ ያስገኘ ፈጣን ውጤት ነበር።

ይሁን እንጂ አል-በሺር ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ከሥልጣን ተወገዱ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግንቦት 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ካርቱም ደርሰው በወታደራዊው ምክር ቤትና በተቃዋሚ ኃይሎች መካከል የማሸማገል ጥረት የጀመሩ ሲሆን፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ኅብረት ልዑካን ሥራ ታክሎበት ነሐሴ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች የሕገ መንግሥት ሰነዱን ፈርመዋል። ከጉብኝቶቹ ሁሉ በፍጥነት ውጤት ያሳየው ምናልባት ይህ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ያልተነካው ግን የወሰኑ ጉዳይ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ውልና በ1964 ዓ.ም. በተለዋወጧቸው ደብዳቤዎች የሚታወቀው ወሰን በመሬት ላይ ምልክት ሳይደረግበት ለረጅም ዘመን ቆይቶ፣ በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ወደ አል-ፋሽጋ በመግባቱ ሁለቱ አገሮች ተፋጠዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የወደብ ድርሻ ንግግር ጨርሶ ከአጀንዳ ወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ፖርት ሱዳን ሲገቡ ከተማዋ በድርሻ የምትታሰብ ወደብ መሆኗ ቀርቶ የጄኔራል አብዱል ፈታህ አል-ቡርሃን አስተዳደር መቀመጫ ሆና ነበር።

ኤርትራ

የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአልጀርስን ስምምነትና የድንበር ኮሚሽኑን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ እንደምትቀበል አስታወቀ። የአልጀርስ ስምምነት የተፈረመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ የኮሚሽኑ ውሳኔ የተሰጠው ደግሞ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ጉዳዩ ለ16 ዓመታት ጦርነትም ሰላምም በሌለበት ሁኔታ ተንጠልጥሎ ቆይቷል ማለት ነው። የኤርትራ ልዑክ በሰኔ ወር አዲስ አበባ ከመጣ በኋላ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሐምሌ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. አሥመራ ገብተው በማግሥቱ የሰላምና የወዳጅነት የጋራ መግለጫ ተፈራረሙ። ፕሬዚዳንት ኢሳያስ ሐምሌ 7 ቀን አዲስ አበባን ጎበኙ። ሐምሌ 11 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ20 ዓመታት በኋላ ወደ አሥመራ በረረ። ስልክ ተከፈተ፤ ኤምባሲዎች ተከፈቱ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዛላምበሳና በቡሬ በኩል ድንበሩ ሲከፈት በሁለቱም ወገን የተለያዩ ቤተሰቦች መንገድ ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ የታየው ትዕይንት ከብዙዎች ልብ የማይጠፋ ነው። የኖቤል የሰላም ሽልማት ኮሚቴም በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሽልማቱን ሲሰጥ በዋነኛነት የጠቀሰው ይህንኑ ነው።

የጎደለው ከደስታው በኋላ ታየ። ድንበሩ ሲከፈት በምን ገንዘብና በምን የምንዛሪ ተመን እንደሚገበያዩ፣ የትኛው ዕቃ ቀረጥ እንደሚከፈልበት፣ ሰው በምን ሰነድ እንደሚሻገር የሚወስን አሠራር በሥራ ላይ አልዋለም ነበር። ነጋዴዎች ከመቀሌና ከአዲግራት እህልና የግንባታ ዕቃ ጭነው ወደ ሰንዓፈና ወደ አሥመራ ሲያቀኑ፣ ብርና ናቅፋ በየመንገዱ በሚወሰን ዋጋ ይመነዘሩ ነበር። መስከረም 6 ቀን 2011 ዓ.ም. በጅዳ የተፈረመው ባለ ሰባት አንቀጽ ስምምነት የበላይ የጋራ ኮሚቴና ንዑሳን ኮሚቴዎች እንዲቋቋሙ ይደነግጋል፤ ይሁን እንጂ ኮሚቴዎቹ የንግድም ሆነ የጉምሩክ ደንብ አውጥተው በኬላ ላይ ሲሠራበት አልታየም። ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ኬላዎቹ አንድ በአንድ፣ ምክንያቱ በይፋ ሳይገለጽ፣ በኤርትራ በኩል ተዘጉ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በየብስ የሚያሻግር ክፍት መንገድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ነው። የኤርትራ ጦር በጦርነቱ ተሳትፏል፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው የሰላም ስምምነት ደግሞ ኤርትራን ሳያካትት በፌዴራል መንግሥቱና በሕወሓት መካከል የተደረገ በመሆኑ በአዲስ አበባና በአሥመራ መካከል ያለው ግንኙነት ሻከረ። የአየር መንገዱ የአሥመራ በረራም ከነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተቋረጠ። የጉምሩክ ደንብ መኖሩ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ኬላዎቹ በተዘጉበት ወቅት ጦርነቱ ገና አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይቀረው የነበረ በመሆኑ፣ መዘጋታቸውን በጦርነቱ ማሳበብ ከጊዜ ቅደም ተከተሉ ጋር አይጣጣምም።

ሶማሊያ

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰኔ 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ሞቃዲሾ የቆዩት ለሰዓታት ብቻ ነበር። ከፕሬዚዳንት መሐመድ አብዱላሂ ፎርማጆ ጋር የወጣው መግለጫ ከአራቱ ወደቦች ሌላ የንግድ እንቅፋቶችን ስለማስወገድም ያወሳል። ነሐሴ 30 ቀን 2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ሶማሊያ በአሥመራ የሦስትዮሽ የትብብር መግለጫ ሲፈራረሙ ቀጣናው አዲስ ጎዳና የያዘ መስሎ ነበር።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሶማሌላንዱ ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ አብዲ በአዲስ አበባ የፈረሙት የመግባቢያ ሰነድ ከሞቃዲሾ ጋር ከባድ አለመግባባት አስከትሏል። የሶማሊያ መንግሥት በማግሥቱ አምባሳደሩን ለምክክር ጠራ፤ በቀናት ውስጥም ሰነዱን ውድቅ የሚያደርግ ሕግ በፕሬዚዳንቱ ተፈረመ። በቱርክ ሸምጋይነት ለወራት የተካሄደው ንግግር ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ አንካራ መግለጫ አመራ። መግለጫው የሶማሊያን ሉዓላዊነትና የግዛት አንድነት የሚያከብር ሲሆን፣ ለኢትዮጵያም አስተማማኝና ዘላቂ የባሕር በር ተጠቃሚነትን የሚያስገኝ የንግድ ዝግጅት እንዲደረግ ይላል።

የአንካራው ሰነድ ከ2010ሩ የሞቃዲሾ መግለጫ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የቴክኒክ ድርድሩ እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ እንዲጀመርና በአራት ወራት ውስጥ ተጠናቆ ስምምነት እንዲፈረም ቀን ቆርጧል፤ ሸምጋይም ሰይሟል። የሶማሊያው ፕሬዚዳንት ሐሰን ሼክ መሐሙድ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጎበኙ። የመጀመሪያው ዙር የቴክኒክ ድርድር የካቲት 11 ቀን በአንካራ የተካሄደ ሲሆን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የካቲት 20 ቀን ሞቃዲሾ ሲገቡ የባለሙያዎቹ ሥራ ከእርሳቸው ጉዞ ዘጠኝ ቀን ቀድሞ ነበር። የአራት ወሩ ጊዜ ግን የመጨረሻው ስምምነት ሳይፈረም አልፏል።